አሰብን እንደነበረች አገኘኋት ብዬ ጻፍኩ፤ ሰዉ የመለሰልኝ ይኸው

የሰሜን ሸዋ ልጆች የምንገናኝበት አንድ የውይይት መድረክ አለ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ መንገድና ስለ ጣርማበር ጉም ነው። ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ዝናቡ አላስወጣ አለኝ። ቤት በተቀመጥኩበት አንድ እሁድ ስለ አሰብ ጻፍኩ። እስከዛሬ ሠላሳ አንድ ምላሽ መጥቷል። የምላሹ ክር ከመርዘሙ የተነሳ ከታች የጀመረ ሰው ስለ ጨው የተከፈተ ይመስለዋል። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ልተርከው። የማንንም ስም አልጠራም። እኔ ያፈርኩበትንም አልደብቅም።

መነሻ ጽሑፍ

የተወለድኩት ደብረ ሲና ነው፤ ያደግኩት ግን አሰብ። አባቴ ወደቡ ላይ የክሬን ሠራተኛ ነበር። የበረሃ አበል ስለሚያገኝ ዘመድ ሁሉ ይቀናበታል። ሐምሌ ላይ ከእሱ ጋር አንድ ሌሊት ያደረ ዘመድ ግን ቅናቱን እዚያው ጥሎት ይመለስ ነበር።

ቤታችን ካምቦ ሱዳን ነበር። በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ መተኛት አይታሰብም። የገመድ አልጋችንን አውጥተን ደጅ እናድራለን። ተራ የሚጠብቁ መርከቦች መብራት ባሕሩ ላይ ይታያል። እኔና እህቴ እንቆጥራለን። በቁጥሩ ሳንስማማ እንቅልፍ ይወስደናል። በሌላ በኩል የነዳጅ ማጣሪያው እሳት ሲነድ ያድራል። ጠዋት አፋሮች በሽርጣቸው፣ ሾፌሮች በቅባት ቱታቸው፣ መርከበኞች በየቋንቋቸው በአንድ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ።

በየካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ አባቴ ነገሩ አላማረውም። እናቴን፣ እህቴንና እኔን በአንድ ጎረቤት መኪና ወደ ደብረ ሲና ላከን። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2011 ድንበሩ በቡሬ በኩል ተከፈተ። ታኅሣሥ ላይ ከሎጊያ መኪና ተጋርቼ ወረድኩ። ቡሬን አልፈን ማንዳ ስንደርስ የባሕሩ ነፋስ ተቀበለኝ። ሁለት ሌሊት አደርኩ። ባሕሩ ጥርት ብሏል። ያ ናፍጣና ዓሣ የተቀላቀለበት ሽታ የለም። ጎዳናው ጭር ያለ ነው። ፎቅ አልተገተረበትም። ግድግዳው ያው ግድግዳ፣ መስኮቱ ያው መስኮት። አርባ ምናምን ፎቶ አነሳሁ። የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ያደጉበት ሰፈር ፈርሷል። ደብረ ብርሃን እንኳ በፋብሪካ ተከባ ለራሴ መንገድ እየጠፋብኝ ነው። አሰብ ግን ሳትበላሽ ጠበቀችኝ። ሄዳችሁ ያያችሁ አላችሁ? ልጆቼን እንዲህ እንዳለች ላሳያቸው እመኛለሁ።

ይኸው ነው የጻፍኩት። አሁን ሳነበው ጠበቀችኝ ያልኩት ቃል ይቆረቁረኛል። ያኔ ግን ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ምላሽ 1

አዲስ አበባ የምትኖር ሴት ናት። አንቱ እያለች ጻፈችልኝ። በኋላ ዕድሜዋን ስትናገር በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷም የካምቦ ሱዳን ልጅ ናት፤ አባቷ ማጣሪያው ውስጥ ይሠሩ ነበር። ስለ ጽሑፉ አመሰገነች። ቤታችን በየት በኩል እንደነበር ጠየቀች። ከፎቶዎቹም የሰፈሩን እንድለጥፍላት ለመነችኝ። እሺ ብዬ ረሳሁት። ወደ እሷ እንመለሳለን።

ምላሽ 2

ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ የደብረ ሲና ሰው። ልጄ ብለው ጀመሩ። መርቀውኝ ሲያበቁ አረሙኝ። ከደጋ ለሚወርድ ሰው ማንዳ ይቀድማል፤ ቡሬ ከማንዳ በኋላ ነው። ቡሬን አልፎ ማንዳ የሚደርስ መኪና ወደ ኋላ የሚነዳ መሆን አለበት። ልክ ናቸው። ትዝታዬን ጽፌ መንገዱን ገለበጥኩት።

ከዚያ መንገዱን ራሳቸው ነዱልን። ከአዲስ አበባ እስከ አሰብ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ነው። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው። ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርት ይለበሳል። ጣርማበር ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ መብራት ይበራል። ደብረ ሲና ቆሎ ይገዛል። ሸዋ ሮቢት ካፖርቱ ይወልቃል፤ ሚሌ ሸሚዙም ይከተለዋል። ከዚያ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ሰርዶ ላይ ትንሽ ቆዩ። ከተማዋ በመጋቢት 1961 የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። ያኔ ረዳት ነበሩ። ሻይ የጠጡበትን ቤት በሚቀጥለው ጉዞ አጥተውታል።

ስለ አሰብ ውበት አንድም ቃል አልጻፉም። ለእሳቸው አሰብ ማለት ወረፋ ነው። መጫኛ ወረፋ፣ የወረቀት ወረፋ፣ የውሃ ወረፋ።

ምላሽ 3

አሰብ የሚጻፈው በዐይኑ ዐ ነው ብሎ አንድ ሰው ገባ። ሌላ ምንም አላለም። ሁሌም አንድ አይጠፋም።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ ክሩ ነፍስ ዘራ። የጻፈችው እናቷ ደብረ ሲና ላይ አልጋ ቤት የነበራቸው ሴት ናት። ስለ አሰብ ስንጽፍ ባሕሩን ብቻ የምናየው ለምን እንደሆነ ጠየቀች። እሷ ባሕር አይታ አታውቅም። አሰብን ግን በየማታው ታውቀው ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ዳገቱን የሚወጣው የመኪና ድምፅ ሲሰማ እናቷ ወጥ ይጨምራሉ። በድምፁ ብቻ ባዶ ነው ጭነት አለው ብለው ይለያሉ። ጭነት ያለው ሾፌር ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ደክሞታል፤ ያድራል። ልጆቹ ቆሎ በስኒ ሰፍረው መስኮት ስር ይሮጣሉ። የትምህርት ቤት ደብተሯ የተገዛው በዚያ ቆሎ ነው።

በግንቦት 1990 ጦርነቱ ተነሳ። አሰብ ለኢትዮጵያ ጭነት ተዘጋ። ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የጅቡቲው መኪና ደግሞ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ጣርማበርን አይወጣም። እናቷ ለጥቂት ወራት ማታ ማታ ወጥ መጨመራቸውን አልተዉም ነበር። ከዚያ አልጋዎቹን አንድ በአንድ ሸጡ።

ባሕሩ ዳር ያለው ከተማ ጭር ሲል ከባሕሩ ስድስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ደብረ ሲናም አብራ ጭር አለች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ደብረ ሲና ተምሬ፣ ደብረ ሲና አግብቼ፣ ይህንን አላሰብኩትም።

ምላሽ 5

ትሁት አልነበረም። ወጣት ይመስለኛል። ሳትበላሽ የሚለውን ቃሌን ይዞ አልለቀቀም። ማጣሪያው ሶቪየቶች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የሠሩት፣ በ1997 የተዘጋ ነው። ወደቡ ከጦርነቱ ወዲህ ሥራ የለውም። ክሬኑ ቆሟል። ሰዉ እየተነሳ ሄዷል። ይህንን ነው አንተ ውበት የምትለው? የአባትህ ሥራ ስለጠፋ ባሕሩ ስለጠራልህ ደስ ብሎሃል ማለት ነው ሲል ነገሩን ጨረሰው። መጨረሻ ላይ የሚስቅ ፊት ጨምሮበታል። እሱ ነው ያናደደኝ።

ምላሽ 6

የኔ ነው። ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። አንተ ያኔ አልተወለድክም አልኩት። በክርክር የተሸነፈ ሰው የሚላትን ማለት ነው። ደግሞም የልጅነት ትዝታ በጉምሩክ አይፈተሽም ብዬ ጨመርኩ። ይቺን እንኳ አሁንም እወዳታለሁ።

ምላሽ 7 እና 8

ሰባተኛው ለኔ አገዘ፤ ሰው ያደገበትን ቢወድ ምን ነውር አለው አለ። ስምንተኛዋ ለልጁ አገዘች። ከምላሽ 4 በኋላ ምላሽ 6 መጻፌ ገርሟታል፤ አንብበህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በችኮላ ነበር ያነበብኩት። ተመልሼ አነበብኩ።

ምላሽ 9

አንኮበር ያስተማሩ መምህር ናቸው። ረጅም ነው፤ ሦስት ጊዜ ከፋፍለው ነው የላኩት። ሰሜን ሸዋ የራሱ ወደብ እንደነበረው፣ ውሃ የሌለው ወደብ እንደነበር አስታወሱን፦ አልዩ አምባ። ከአንኮበር ገደል ስር፣ ደጋው ቆላውን በሚገናኝበት አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር የሚመጣ ግመል ሁሉ እዚያ ይቆማል። ግመል ዳገቱን አይወጣማ። ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ይለወጣል። አርብ አርብ ትልቅ ገበያ ይቆማል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ የሐረሩ ነጋዴ፣ የደጋው ገበሬ ይገናኛሉ። ጨው ይገባል፤ ቡና ይወጣል። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ መምህሩ ይህንን ሳይዘሉት ጽፈዋል። በ1833 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሡ ሲመጡ ያለፉት በዚያው በኩል ነው።

ከዚያ መዲናው ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የጅቡቲ ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። አልዩ አምባን የገደላት ጦርነት አይደለም፤ ሐዲዱ በሌላ በኩል ማለፉ ነው። ደብረ ሲናም ያው ናት ሲሉ ወደ ምላሽ 4 ጠቁመው አበቁ። ሃያ ሁለት ሰው ወዶላቸዋል። የኔን መነሻ የወደደው ዘጠኝ ነው። ቆጥሬያለሁ።

ምላሽ 10፣ 11 እና 12

የታሪክ ሰዎች ተነሱ። አሥረኛው፣ የአልዩ አምባ ግመል ከአሰብ ይመጣ ነበር ብሎ የመምህሩን ሐሳብ ከኔ ጋር ሊያጋጥመው ሞከረ። አሥራ አንደኛዋ ቆረጠችው፤ በሣህለ ሥላሴ ዘመን መንገዱ ወደ ታጁራ ነው፣ ጨውም ከአሳል ሐይቅ እየተጫነ ይመጣ ነበር፣ አሳልና አሰብ ስማቸው ስለተቀራረበ አንድ አይሆኑም። ጎበዝ ናት። አሥራ ሁለተኛው ግን እሷንም በግማሽ አረማት። አሰብን ሩባቲኖ የሚባል የጣሊያን መርከብ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1869 ገዛ። የጣሊያን መንግሥት በ1882 ተረከበው። በዓመቱ የጣሊያን መልእክተኛው አንቶኔሊ ከምኒልክ ጋር ተዋውሎ፣ ከአውሳው ሡልጣን ጋርም ተስማምቶ፣ የአሰብ መንገድ ለሸዋ ተከፈተ። የምኒልክ ጠመንጃ ጥቂቱ በዚያ በኩል ነው የገባው። ስለዚህ ታጁራም ልክ፣ አሰብም ልክ፤ ዘመኑ ነው የተለያየው።

እነዚህ ሦስቱ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ አንዱ ሌላዋን ልጥ ማረፊያን አብረን እንይ ብሎ ጋበዛት። ጣሊያኖች ምኒልክ በሰጧቸው ቦታ የሰፈሩበት፣ አንቲኖሪ የተባለው ተጓዥ የተቀበረበት አንኮበር አካባቢ ያለ ስፍራ ነው። ሄደው ይሆን አይሆን አልነገሩንም።

ምላሽ 13

የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ አርጎባ ነው። ሁላችሁም ነበረች እያላችሁ ትጽፋላችሁ፣ እኔ ግን ከዚያው ነው የምጽፈው አለ። አልተቆጣም። ብቻ ደክሞታል። ከተማ የሚጎበኝ ሰው እየመጣ የድንጋዩን ቤት ፎቶ ያነሳል። እንዴት ጸጥ ያለ አገር ነው እያለ ይሄዳል። ጸጥታው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። እናቱ ሊወልዱ ሲሉ ዳገቱን በሰው ትከሻ ነው የወጡት። ያ ጸጥታ እሱ ነው አለ።

እዚህ ላይ ምላሽ 5 የጻፈውን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኩ። ምላሽ 14 ያ ይቅርታ ነው። ልጁም ደግ ሆነና የሚስቀውን ፊት አነሳው።

ከምላሽ 15 እስከ 21

ወደቡ የማን ነው የሚለው ክርክር ነው። ሰባት ምላሽ፣ አራት ስድብ። አንዱ እኔን ሰላይ አለኝ፤ ለማን እንደሆነ አልገለጸም። አወያዩ ሁለቱን ሰርዟል። እኔ ደግሞ የቀሩትን እዘላለሁ።

ምላሽ 22

ከስድቡ መሐል አንዲት እናት ስለ ጨው ጠየቁ። ከጦርነቱ በፊት የምንበላው የአሰብ ጨው ነበር፤ አሁን የአፍዴራ ነው። ድሮ አንድ ማንኪያ የሚበቃው ሽሮ አሁን አንድ ተኩል ይፈልጋል፣ ወይስ እኔ አርጅቼ ነው አሉ። ስድቡ ቀጥ አለ። ሰባት ሰው ስለ ወደብ ሊያስማማ ያልቻለውን ጨው አስማማው።

ከምላሽ 23 እስከ 26

የአሰቡ ነው የሚጣፍጠው፤ አይ የአፍዴራው። አዮዲን ጨምረውበት ነው የሚል አለ። ሽሮው ነው የተለወጠው የሚልም አለ። ሾፌሩ ተመልሰው መጡና ጨው የጫነ መኪና ምን ያህል ቶሎ እንደሚዝግ ነገሩን። ስለ ጣርማበር ብርድና ስለ ደብረ ብርሃን አረቄ ግንኙነትም ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ሾፌር ሆነው ያንን ማወቅ አልነበረባቸውም።

ምላሽ 27

በኋላ ዘመን አሰብን የሚያውቅ ሰው ነው። ሳትበላሽ ጠበቀችኝ ያልኩትን በእርጋታ አፈረሰው። ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጦር ለየመኑ ጦርነት እዚያ ሰፍሮ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ተስፋፋ። ለጦር መርከብ መቆሚያ ተሠራ። በ2021 ነቅለው ሄዱ። እኔ በሄድኩበት ታኅሣሥ እነሱ እዚያው ነበሩ ማለት ነው። አላየሁም። ወይም አይቼ አላየሁም። ሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ ሰምቻለሁ። ነፋስ ነው ብዬ ተኛሁ።

ምላሽ 28

የመጀመሪያዋ ሴት ተመለሰች። አሁን አንተ አለችኝ። ፎቶውን ከጠየቀች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። የምትፈልገው የሰፈሩን ነው። ቤታቸው በር ላይ አባቷ የልጆቹን ቁመት በሚስማር እየጫሩ ምልክት ያደርጉ ነበር። እሱ እንዳለ ማወቅ ፈልጋለች።

ስልኬን ከፈትኩ። አርባ ሦስት ፎቶ ነው። አርባ አንዱ ባሕር ነው። ባሕር ጠዋት፣ ባሕር ማታ፣ ባሕርና የኔ እግር። አንዱ የሻይ ብርጭቆ ነው። የቀረው አንድ ፎቶም ባሕር ላነሳ ስል እጄ ተዛብቶ የወጣ ነው፤ በግራ በኩል የአንድ ግድግዳ ጥግ ይታያል። ያደግኩበት ሰፈር ሁለት ቀን ሙሉ ተመላልሼ አንድም በር አላነሳሁም። አንድም ሰው።

የግድግዳውን ጥግ ለጠፍኩላት።

ምላሽ 29፣ 30፣ 31

ሾፌሩ ወዲያው አወቁት። መኪና ሲበላሽ ጎማ የሚያስጠግኑበት ጋራዥ ግድግዳ ነው፤ ከታች ያለችውን ጥቁር የቅባት ምልክት እዩ አሉ። እሷ አልተቀበለችም። ዳቦ ቤቱ ነው፣ ጥቁሩ የምድጃው ጭስ ነው፤ በየጠዋቱ እዚያ ነበር የምትላከው። እሳቸው ዳቦ ቤቱ ከጋራዡ ማዶ ነበር አሉ። እሷ ደግሞ ጋሼ፣ እርስዎ ያደሩት በወር አንዴ፣ እኔ የኖርኩት አሥራ አምስት ዓመት ብላ መለሰችላቸው። ትናንት ማታ እህቴን ደውዬ ፎቶውን ላክሁላት። አንድ ሰዓት ያህል ስታየው ቆየች መሰለኝ። ከዚያ ደውላ፣ ሁለቱም ተሳስተዋል፣ ይሄ የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት ነው አለችኝ።